ሃምሳ አለቃ ኢቨር እና ስምንት ጎራሹ ጠመንጃ

የእህቴ የማረን ባል ሃምሳ አለቃ ኢቨር ሆልት ዕድሜውን የፈጀው ቪቦርግ ከተማ ውስጥ ምልምል ወታደር በማሰልጠን ነው። እንደሱ ያለ ግትር ሰው በዓይኔ አላየሁም። ተቻኩሎ ተኩሶ የሳተውን ልጅ ከዒላማው ጀርባ ልኮ የጥይቱን እርሳስ ከአፈር ውስጥ በጣቱ እየፈለቀቀ እንዲያመጣ ያደርገዋል። አቤት ስንቱ ረገመው!

ስምንት ጥይት በሆዱ የሚይዘው አዲሱ ጠመንጃ ለሙከራ ሲመጣ አዛዡ ኮሎኔል ይገዛ አይገዛ የሚለውን የኢቨርን ሐሳብ ሰምቼ እወስናለሁ አለ። ኢቨር አይገዛም ብሎ ሐሳቡን ድሮ ጨርሷል። የፈራ ወታደር ጣቱ አያርፍም፣ ጥይቱን ባንዴ አራግፎ ባዶ እጁን ይቀራል፣ የጥይቱ ጋሪ ደግሞ ጭቃ ይዞት ወደ ኋላ ቀርቷል ይል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ በሙከራው ቀን ልጆቹ ሲያንጣጡት ጭሱ ሜዳውን ሞላው፤ ዒላማው ጠፋ፤ ጥይቱን የበላው አፈሩ ነው። የኢቨር ፊት በራ።

እራት ላይ ከቢራው እየተጎነጨ ይህንኑ ሲተርክ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ማረን ግን የአጃ ዳቦውን መቁረጧን ተወች። ታናሽ ወንድማችን ኒልስ ከፕሩሲያኖች ጋር በተዋጋንበት ጊዜ የወደቀው ከኢቨር ጎን ነው። ኢቨር ግን አንድም ቀን አውርቶልን አያውቅም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

«ኒልስ ሲሞት ስንት ተኩሶ ነበር?» አለችው።

ኢቨር ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንድ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለተኛውን እያጎረሰ ነበር። እነሱ ጠመንጃቸው ከኋላ ስለሚጎርስ ተኝተው ያጎርሳሉ፤ እኛ ቆመን ባሩዱን በአፈሙዙ እንጠቀጥቃለን። ቆሞ ነው ያገኙት።»

ማረን ዳቦውን ቆርጣ መጀመሪያ ለሱ ሰጠችው።

በማግስቱ ኢቨር ኮሎኔሉ ዘንድ ሄዶ ጠመንጃው ይገዛ አለ። ሆዱን የሚዘጋ መቆለፊያ ግን ይኑረው፤ ዘግተው አንድ በአንድ እያጎረሱ ይተኩሱ፣ ጠላት ሲደርስባቸው ይክፈቱት አለ። ጠመንጃው ዘግይቶም ቢሆን ከነመቆለፊያው መጣ።

ግትርነቱ አልለቀቀውም። ተቻኩሎ የሳተ ዛሬም እርሳሱን ይለቅማል። ሥልጠናው ሲያበቃ ግን መቆለፊያውን አስከፍቶ ስምንቱንም ባንዴ ያስተኩሳቸዋል። ያን ጊዜ የቱንም ያህል ቢስቱ፣ እርሳስ ልቀም ብሎ የሚልከው ልጅ የለም።