የአጃቢዋ መርከብ የመጨረሻ ምስክር

ስቶክሆልም ውስጥ ሰው ሞቶ እስኪቀበር ሦስት ሳምንት ያልፋል። ሰላምሰገድ ያን ሁሉ ጊዜ ከከተማው ዳር ፊቲያ ያለው ቤቱ ተቀምጦ አንዲት ገጽ መጻፍ አቃተው። የሞተው ወዳጁ ዕንባቆም ነው። በባሕር ኃይል አብረውት ካገለገሉት ሁሉ እዚህ ከተማ የቀረው ሰላምሰገድ ብቻ ስለሆነ፣ በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዲያዘጋጅ የሟቹ ባለቤት አዜብ ለመነችው።

ሁለቱ አብረው ያገለገሉባትን የአጃቢ መርከብ ነገር ለመጻፍ አልተቸገረም። በጦርነቱ ጊዜ ከአሰብ ምፅዋ ስትመላለስ ስድስት ዓመት እህል ጫኝ መርከቦችን አጅባለች፤ መድፏ ሁለት፣ ሞተሯ ዘወትር በሽተኛ። በመጨረሻ ከነባሕረኞቿ የመን ሸሽታ እዚያው ዝጋ ቀረች።

የተቸገረው በአንዲት ቀን ነው። የሚያጅቧት መርከብ ተመትታ ስትነድ አንድ ባሕረኛ ዘሎ ባሕር ገብቶ አራት ሰው እየዋኘ አወጣ። ባሕረኛው ዕንባቆም ነበር። ሰላምሰገድ ግን ስዊድን በገባ በዓመቱ፣ አንድ ዝክር ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው፣ "እኔ ነኝ" ብሎ አረፈው። ዕንባቆም አጠገቡ ነበር፤ ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ያ ውሸት እንደ ወለደው ልጅ ጦረው። በሄደበት ወንበር ይለቀቅለታል፣ ሙሽራ ያስመርቁታል።

በቀብሩ ዕለት የያዘው ወረቀት ያቺን ቀን አያነሳም ነበር። አዜብን ከፊት ጥቁር ለብሳ ሲያያት ግን ከእግር እስከ ራሱ አፈረ። ወረቀቱን አጠፈ።

"ያን ቀን ባሕር የገባው ዕንባቆም ነው" አለ። "እኔ የመርከባችንን ብረት ጨብጬ እንቀጠቀጥ ነበር። ሠላሳ ዓመት ዋሽቻችኋለሁ።"

ሰው ሁሉ አለቀሰ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ እየተቀባበሉ ትከሻውን ሳሙት፤ ክብሩን ለወዳጁ ሰጠ፣ እንዲህ ያለ ትሕትና ዛሬ የት ይገኛል እያሉ። እውነቴን ነው ብሎ ቢምል ጭራሽ ባሰባቸው።

ቢቸግረው አዜብ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ። እሷ ዕንባቆምን ያወቀችውም ያገባችውም እዚሁ ስቶክሆልም፣ ከዚያ ዝክር በኋላ ነው።

"አንቺ እንኳ እመኚኝ" አላት።

እጁን ይዛ አጽናናችው። "ተዉ እንግዲህ ጋሼ። ዕንባቆም እኮ ዋና አይችልም ነበር። ልጆቹ ሐይቅ ሲገቡ እንኳ፣ ና አባዬ እያሉት፣ ሁልጊዜ ዳር ቆሞ ነበር የሚያያቸው።"

ዕንባቆም የእሱ ውሸት እንዳይጋለጥ ሲል ዋና መተዉን ሰላምሰገድ ያኔ አወቀ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።