የታንከሩ ጥላ

ወንድማማቾቹ የአባታቸውን ቤት ሲካፈሉ ታላቅየው ቀድሞ መረጠ። የጎረቤት ዛፍ የሚያጠላበትን ቀዝቃዛ ግማሽ ያዘና፣ ጣሪያው እንደ ምድጃ የሚግለውን ለታናሹ ለልብስ ሰፊው ተወለት። «አንተ ገና ጎረምሳ ነህ፣ ላብህ ይውጣ» አለው እየሳቀ። ልብስ ሰፊው ዋጥ አደረጋት። ሰው የዋጠው ሁሉ ግን አይፈጭለትም፤ አንዳንዱ እዚያው ተቀምጦ ቀን ይጠብቃል።

ቀኑ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ነው። የስፌት መኪናውን በእግሩ መርገጥ አቃተው። ሞተር ቢያስገጥምለትም መብራቱ እንዳኮረፈች ሙሽራ ወጥቶ ይቀራል። ስለዚህ ያንን የተናቀ ጣሪያ በሶላር ሰሌዳ ሸፈነው። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ሞተሩ የሚሽከረከረው ፀሐይ እስካለች ብቻ ነው፤ ቢሆንም ከጠዋት እስከ ማምሻ ያለ ሕመም ይሰፋ ጀመር። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰፈሩ ሲፈዝ የእሱ መኪና ብቻ ያጉረመርማል።

ታላቅየው ይህን ድምፅ መስማት አልቻለም። የብረት እግር አስበየደና ጥቁር የውሃ ታንከር ወሰኑ ጠርዝ ላይ፣ በራሱ ጣሪያ በኩል፣ አስቆመ። ከሰዓት በኋላ ጥላው ወሰኑን ተሻግሮ ዳር ባለው ሰሌዳ ላይ ተጋደመ። ሰሌዳዎቹ በአንድ መስመር የተቀጣጠሉ ናቸውና፣ አንዱ ሲሸፈን ሁሉም ደከሙ። መኪናው ኮት ሳይጨርስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ትንሽ ወዲያ ፈቀቅ አድርግልኝ» አለው ልብስ ሰፊው ጥርሱን ነክሶ።

«በገዛ ጣሪያዬ ላይ?»

«ጥላው የእኔ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ጥላውን አንሳዋ።»

«ጎንህን የመረጥከው አንተው ነህ።»

«ፀሐይ ዋጋ እንደምታወጣ ያኔ ማን ነገረኝ?»

ልብስ ሰፊው ነገሩ የገባው ይሄኔ ነው። ወንድሙን ያቃጠለው ሶላሩ አልነበረም፤ ሊያታልል ሄዶ መታለሉ ነው። እንዲህ ያለ ቂም ሽማግሌ ቢቀመጥበትም አይበርድም። በዳዩ ራሱን ተበዳይ ካደረገ ይቅርታውን ማን ማንን ይጠይቃል?

ከዚያ መብራት ለቀናት ጠፋ። የታላቅየው ፓምፕ ዝም አለ፣ ታንከሩም ደረቀ። ሚስቱ የልብስ ሰፊው በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ወንድምዬ፣ ጠዋት ጠዋት ከፀሐይህ ብትለግሰን ምናለ? ፓምፑ እንደሆነ ትንሽ ነው።»

«እትዬ፣ ታንከሩ አሁን ባዶ ነው፤ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ከሞላ ማንም አይነቀንቀውም። ዛሬ ፈቀቅ ይበል፣ ዛሬውኑ የመብራት ገመድ እዘረጋላችኋለሁ።»

ሄዳ ነገረችው። ታላቅየው ግን ራሱ በየእጁ ጄሪካን አንጠልጥሎ በበሩ አለፈ። ከሰፈሩ ቦኖ ውሃ እየቀዳ፣ መሰላሉን እየቧጠጠ፣ ታንከሩን በእጁ ይሞላው ጀመር፤ ማንም እንዳይነቀንቀው።

ከሰዓት ላይ ጉልበቱ ከዳው። መሰላሉ ሥር፣ ታንከሩ ባጠላበት፣ ተቀምጦ ያለከልካል። የልብስ ሰፊው ሚስት አላስቻላትም።

«ኧረ ሽማግሌ ነው፤ ወንበር እንኳ አውጣለት።»

ልብስ ሰፊው እጁን ከቆመው መኪና ላይ አላነሳም።

«ምን ይሠራለታል? ጥላ አለው።»

ታላቅየው ሰማ። ጄሪካኑን አንስቶ ቀስ እያለ መሰላሉን ወጣ። ውሃው ታንከሩ ውስጥ ሲንቆረቆር ልብስ ሰፊው በሩን ዘጋው።