ራሱን ያጠፋው ለዋጭ

ያርጋል ቢራራ ከደባርቅ ወደ በየዳ በሚያወጣው መንገድ ዳር የአንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። የመብራት ምሰሶ ወደዚያ አገር ዝር ብሎ አያውቅም፤ ጣራው ላይ ግን የፀሐይ ሰሌዳዎች ተተክለዋል። ሰሌዳዎቹ ከፀሐይ የሚያገኙትን ኃይል ባትሪዎች ያጠራቅሙታል፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የብረት ሣጥን ደግሞ ያንን ለውጦ የክትባት ማቀዝቀዣውን ያሠራል። አገሬው ሣጥኑን «ለዋጭ» ይለዋል። ጤና ረዳቷ ሸጊቱ መርፌውን ስትይዝ ያርጋል ለዋጩን ይዟል፤ መያዝ ማለት እንግዲህ ሲያጉረመርም ቁጭ ብሎ መስማት ነው። ኩራቱ ግን፣ ማዕረግ ቀረ በተባለበት በዚያ ዘመን፣ የፊታውራሪ ነበር።

ሌላው ሥራው የባትሪዎቹ ውሃ ሲጎድል መሙላት ነው። ዕቃውን የተከለው ባሽር የሚባል የደባርቅ ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ጀሪካን ውሃ ትቶለት፣ «አያ ያርጋል፣ አደራዎን፣ ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው የሚጨምሩበት» ብሎት ሄደ። ክረምት ገባ፣ መንገዱ ተበላሸ፣ ጀሪካኑም አለቀ። ያርጋል ተጨነቀ። ወንዙን ከብት ይረግጠዋል፣ ምንጩ አልቅት አለው። ንጹሕ ከተባለማ ከጠበል ወዲያ ምን ንጹሕ አለ? ቄስ ወልደ ሩፋኤል ዘንድ ሄዶ ለመነ። ቄሱም አየት አደረጉት፣ አሰብ አደረጉና ገንቦውን ሞልተው ሰጡት። ያርጋል ጾሞ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በስመ አብ ብሎ ባትሪዎቹን ሞላ።

ብዙም ሳይቆይ ለዋጩ ዝም አለ።

ሸጊቱ ክትባቱን ከበረዶ ጋር በሣጥን አሽጋ አተረፈችው። ለያርጋል ግን ማን ይድረስለት? በግንቦት የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ሲሰበር፣ ካድሬዎቹ ጠባቂውን አለነን «የሕዝብ ንብረት ያበላሸ አሻጥረኛ» ብለው ወስደውት እስካሁን አልተመለሰም። በድንጋይ ወፍጮ ይህን ያህል ከተቆጡ በዚህ ጉድማ ምን ሊሉ ነው? ፈራ፤ ክፉኛ ፈራ። ጭንቀቱን ለሚስቱ ለስጦታ ብቻ ነገራት። እሷም ሰምታው ወደ ጓዳ ገባች።

ባሽር የተላከበት መልእክት ደርሶት በበቅሎ ሲመጣ የስሜን ጉም ተገፎ ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። ሣጥኑን ከፈተ፣ ነካካና ዘወር አለ።

«አያ ያርጋል፣ ለዋጩ ራሱን ነው ያጠፋው።»

ያርጋል አማተበ። «ራሱን ላጠፋማ ፍትሐትም የለው» አለ በቀስታ።

ሸጊቱ ሳቋ አመለጣት። ባሽር ግን የሽማግሌውን ፊት አይቶ አልሳቀም። «እንዲያ ማለቴ አይደለም አባቴ። ጉሙ ሲሰነብት ባትሪዎቹ ደከሙ፤ ጨርሰው እንዳይሞቱ ብሎ ሥራውን አቆመ። አሁን ፀሐይ ጠጥተዋል፤ እሱን መቀስቀስ ብቻ ነው የቀረን።» እጁን ወደ ቁልፉ ሰደደና መለስ አደረገው። «ውሃው ግን ሙሉ ነው። ከየት አመጡት?»

ከጀሪካኑ ነው ቢል ማንም አያውቅበትም ነበር። ያርጋል ግን ውሸት አይሆንለትም። «ጠበል ነው ልጄ። ንጹሕ ብትለኝ ጊዜ…»

የባሽር ፊት ጠቆረ። «ከዓለት የሚወጣ ውሃ ማዕድን አለበት፤ ውስጥ ውስጡን ባትሪውን ይበላዋል» አለ። ያርጋል ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

ቄስ ወልደ ሩፋኤል የሆድ ሕመም ኪኒን ሊቀበሉ መጥተው ከበሩ ቆመው ይሰሙ ነበር። «ኧረ ጠበልስ አልሰጠሁትም» አሉ፣ ረጋ ብለው። «አንተ ያርጋል፣ ጠበል ለብረት ሆድ ይሰጣል? እምቢ ብዬህ እንዳትከፋብኝ ነው እንጂ፣ የቀዳሁልህ ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ የወረደውን የዝናብ ውሃ ነው።»

ባሽር በረዥሙ ተነፈሰ። «የዝናብ ከሆነስ ግድ የለም፤ ጀሪካን እስካመጣላችሁ ያደርሰናል» አለና ቁልፉን ተጫነው። ለዋጩም እንደ ልማዱ ማጉረምረም ጀመረ።

ያን ሁሉ ጾም ለቆርቆሮ ውሃ መጾሙ ያርጋልን ትንሽ ሳይቆጨው አልቀረም። ቢሆንም ተነሥቶ የቄሱን ጉልበት ሳመ። «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ፣ ስላታለሉኝ» አለ፤ እንባው መጣበትና ፊቱን አዞረ።

ቤቱ ሲደርስ ከመደቡ ላይ አንድ ጥቅል አየ። አዲስ የታጠበ ጋቢ፣ በውስጡም አንድ ስልቻ በሶ።

«ይኸ ምንድን ነው?»

ስጦታ አቀረቀረች። «ስንቅህ ነበር። መጥተው ሲወስዱህ ባዶ እጅህን እንዳትሄድ ብዬ።»

ያርጋል ጥቅሉን ፈታው። ጋቢውን በእሷ ትከሻ ላይ ጣል አደረገና፣ «በይ በሶውን በጥብጪው፤ እኔና አንቺ እንጠጣው» አላት።