ሬንጅ የነካት ጥንቸል

ታናሽ እህቴ በወባ ታማ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ጥንቸሏ ከግቢ አምልጣ ለመንገድ ሥራ የተዘረገፈ ሬንጅ ውስጥ ገባች። ከወደብ ሥራው ሲመለስ ያገኛት አባቴ አቅፎ አመጣት። በአሰብ ሙቀት የቀለጠው ሬንጅ የሆዷን ጸጉር ከእግሮቿ ጋር አጣብቆት ነበር።

«ላምባ አምጪ» አለኝ።

«ተው!» አለች እናቴ ከኩሽና እየወጣች። «ላምባ ቆዳዋን ያቃጥላታል፤ ከላሰችውማ ትሞታለች። በዘይት ይለቃል።»

በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኳት። እናቴ የምግብ ዘይት ቀባቻት፤ ሬንጁ ሲለሰልስ ቀስ እያለች በጨርቅ ጠረገችው። ያልለቀቀውን ጸጉር አባቴ በመቀስ ቆረጠው። ቆዳዋ ስስ ስለሆነ እንዳይወጋት ጸጉሩን በጣቱ ከፍ እያደረገ ነበር የሚቆርጠው። እኔ ደግሞ መዳፌ ሥር የሚመታው ልቧ እንዳይቆም ፈራሁ።

በማግስቱ ምንም አልቀመሰችም። ሆስፒታል ስንሄድ እህቴ በደከመ ድምፅ «ጥንቸሌ በላች?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት» አለች እናቴ ፊቷን አዙራ። እናቴ ስትዋሽ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ።

ቤት ስንመለስ ጥንቸሏ አልጋ ሥር ተደብቃ የካሮት ቅጠል ትቆረጥማለች። እናቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እህቴም ኋላ ድና ወጣች፤ ያን ቀን ግን ትኩሳቷ ገና አልበረደም ነበር።