ማርያም ነው ወይስ ሚካኤል

እኛ ቤት ኮንቴነር የሚጠራው በቁጥሩ ሳይሆን በገባበት ቀን ታቦት ነው። በሃያ አንድ የገባው ማርያም፣ በአሥራ ሁለት የገባው ሚካኤል። ባለቤቴ የኢሜይል ፎልደሮቹንም እንዲሁ ሰይማቸዋለች። «ቁጥር ለጉምሩክ ነው» ትላለች።

አንድ ጠዋት የሞተር መለዋወጫ የሚልክልን ፋብሪካ እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ስለ እሱ ያስጠነቀቅናችሁን የፍሬን ሸራ አስወገዳችሁት?»

የምን ማስጠንቀቂያ? ካምፓላ ውስጥ ከሱቃችን ሸራ ያልገዛ ቦዳ፣ የሞተር ታክሲ ነጂ፣ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። አሮጌ ኢሜይሎች የተከማቹበትን ማኅደር ስበረብር አገኘሁት፦ «በዚህ ጭነት ያለው ሸራ ከብረቱ ይለቃል፤ አትሽጡት።»

የትኛው ጭነት? አይልም። ስደውል ፋብሪካው ኢሜይሉን ልኮ ለበዓል ተዘግቷል። ሚካኤል ከሆነ ሸራው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ መጋዘን ውስጥ እንደታሸገ ተቀምጧል። ማርያም ከሆነ ተሸጦ አልቋል፤ ባለቤቴን በየቀኑ ኪቡሊ ሆስፒታል ሥራዋ የሚያደርሳት ቦዳም የገዛው ከዚያው ነው።

ደወልኩላት። «ያን ኢሜይል የት ነው የከተትሽው?»

«አባሪውን ደረሰኝ አይቼ የሚገባው ቦታ ነዋ! የቱ እንደነበር አሁን አላስታውስም። ጽሑፉማ ያው የተለመደው ሰላምታ መስሎኝ… ምነው፣ ድምፅህ?»

«ምንም» ብዬ ዘጋሁት።

ማኅደሩን የሠራልን የኮምፒውተር ባለሙያ መጣ። ቦታ ለመቆጠብ ብሎ አባሪዎቹን አጥፍቶ፣ የሁሉንም ፎልደር ደብዳቤ አንድ ላይ የከመረው እሱ ነው።

«አትፍራ ቦስ፤ ዳታቤዙ አይረሳም» አለኝ።

«እኔም የምፈራው እሱን ነው።»

ጥያቄውን ጻፈ፦ ይህ ደብዳቤ የት ነው ያለው? መልሱ መጣ፦ ማኅደር። ይህንንማ እኔም አውቃለሁ። እንደገና ጻፈ፤ ወደ ማኅደር ከመዛወሩ በፊት የት ነበር? አሁን የፎልደር መለያ ቁጥር ወጣ። የቁጥሩን ስም ሲጠይቅ ግን ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥኖች ተደረደሩ።

«ይሄ ምንድነው?» አለ።

«አማርኛ ነው። ኮምፒውተርህ አላነበበውም እንጂ።»

«እሺ፣ ወደ ስልክህ ልላከው።»

እስኪደርስ ድረስ በሕይወቴ ጠይቄ የማላውቀውን ነገር ጠየቅሁ። ሚካኤል ሆይ፣ ጥፋቱ ያንተ ይሁን፤ ስለትህን በእጥፍ አገባለሁ። በመስኮቱ ቦዳዎች ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይታያሉ፤ አንዱ ሦስት ሰው ጭኗል፣ አንዱ የማቶኬ ሙዝ ዘለላ። አንዱ ፍሬን በያዘ ቁጥር የኔ እግር ወለሉን ይረግጣል።

ስልኬ ጮኸ። ባለሙያው የላከው የፎልደር ስም ማርያም ይላል።

ለባለቤቴ ደወልኩ። አነሳች፤ ነፋሱና የሞተሩ ጩኸት ከድምፅዋ በፊት ደረሰኝ።

«ውረጂ!»

«እንዴ! ቁልቁለት መሃል?»

«ቀስ ብሎ ዳር ይያዝና ውረጂ። በእናትሽ!»

«ዝናብ እየጀመረ ነው እኮ፤ ደግሞ እስከ ዛሬ በእግሬ እንድሄድ ፈቅደህ አታውቅ…»

«ውረጂ አልኩሽ!»

ነጂውን በሉጋንዳ አንድ ነገር ስትለው ሰማሁ። የሞተሩ ድምፅ እየቀነሰ ሄደና ጠፋ። ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ ልከተው ትንሽ ቀረኝ።

«ወርጃለሁ» አለች በመጨረሻ፣ በተቆጣ ድምፅ። «ሰውዬው አብዳችኋል እያለኝ ነው። ምን ልበለው?»

«እሱም ይውረድ በይው። ሞተሩን እየገፋ ወደ ሱቅ ይምጣ።»

ስልኩን ዘጋሁና የሱቁን መዝጊያ አወረድኩ፤ የሸጥኩላቸውን ሁሉ ማስቆም አለብኝ። ቦዳዎቹ ተራ የሚጠብቁበት ስቴጅ ከሱቁ ፊት ለፊት ነው። አንዱ ሲያየኝ ሞተሩን አስነስቶ፣ «ቦስ፣ እንሂድ?» አለኝ።