የፒኮ ቅዳሜ

እትዬ ፈጠነች ዱቦ ሚሲዮን ልብስ አጣቢ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው ወደ ሶዶ ሲመጡ ይዘው የመጡት አንድ አልጋ፣ አንድ ሣጥንና ፒኮን ነው። ፒኮ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ወደ አገሯ ስትመለስ የተወችላቸው ነጭ ውሻ ነው። ቁመቱ ከድመት ብዙም አይበልጥም፤ ጸጉሩ ግን መሬት ይጠርጋል። ባል የላቸውም፣ ልጅም አልወለዱም። እኔ እዚያው ግቢ ከጎናቸው ያለችውን ክፍል የተከራየሁት በዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰብለን በወለድኩ በሦስተኛው ወር ነው።

ከሰኞ እስከ ዓርብ በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው አላየሁም። ቅዳሜ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ በረንዳው ላይ ስታርፍ ሳፋውን ያወጣሉ። ውሃ ከማስነካታቸው በፊት ጸጉሩን በደረቁ በሚዶ ያበጥሩታል፤ ከጫፉ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ ሥሩ። ጆሮው ውስጥ ጥጥ ያደርጋሉ። ለብ ያለውን ውሃ በክርናቸው ይለኩታል፣ ልክ እኔ ለሰብለ እንደማደርገው። ፒኮ ሲርስ ያ ሁሉ ጸጉር ገላው ላይ ይለጠፍና አይጥ ያህላል። ይኼኔ በሩ ላይ የተሰበሰቡት ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ።

ባለሱቁ ከድርም ራቅ ብሎ ቆሞ፣ «እትዬ፣ የእኔ ሚስት እንኳ በዚህ ሻምፖ አልታጠበችም!» ይላል።

«አንተ ሰስተህባት ነዋ!»

አላፊ አግዳሚ ሴቶች ገብተው በረንዳው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ ስለ ጸጉሩ ይጠይቃሉ፣ ቀጥሎ ስለ እትዬ ጉልበት። የእትዬ የሳምንት ወሬ ይኼው ነበር።

ነሐሴ ላይ ሁምቦ ያሉት ወንድማቸው አረፉና እትዬ ለቅሶ ሄዱ። ፒኮን ለእኔ ሲሰጡኝ፣ «አብዪው ብቻ፣ ሌላውን ስመጣ አደርገዋለሁ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ቆዩ። ዝናቡ አያባራም፣ ፒኮም ጭቃ በጭቃ ሆነ። ንጹሕ ሆኖ ይጠብቃቸው ብዬ ሳላበጥረው ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። የተቋጠረው ጸጉር ሲርስ ይብስ ጠበቀ። ለራሴ ጸጉር የማውቀው መድኃኒት ቅቤ ነውና ቅቤ ቀባሁት። እሱ ደግሞ ሄዶ ምድጃው አጠገብ አመድ ላይ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሆዱና ጆሮው ሥር እንደ ባና ተያይዞ ነበር።

እትዬ ሲመጡ ገና ሳይቀመጡ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ሳታበጥሪው ነከርሽው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ይኼ የሚሸተውስ?»

«ቅቤ ነው።»

ሚዶውን አመጡ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን እስኪመሽ አንድ በአንድ ሊፈቱት ሞከሩ። ፒኮ ያለቅሳል። የተያያዘው ጸጉር ሥር ቆዳው ቀልቶ ቆስሏል። በመጨረሻ ሚዶውን አስቀመጡት። «ሰው እንዲያይልኝ ብዬ እሱን ላሰቃይ?» አሉና መቀስ አመጡ። እኔ ጭንቅላቱን ያዝኩ፣ እሳቸው ከሥሩ ቆረጡት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጆቹ መጥተው «በግ ተሸለተ!» እያሉ ሳቁ። ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለት ብቻ መጡ። በሦስተኛው ማንም አልመጣም። ሴቶቹም ሰላምታ ብቻ ወርውረው ያልፋሉ። እጥበቱ አሁን አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ የሚበጠር የለም። እትዬ ግን ፎጣውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እስከ ስድስት ሰዓት በሩን እያዩ ይቀመጣሉ።

«ለካ እሱን ነበር የሚያዩት» አሉኝ አንድ ቀን።

«ጸጉሩ እኮ ይበቅላል፣ እትዬ።»

«መብቀሉንስ ይበቅላል። ዓመት ይፈጃል እንጂ።»

በሳምንቱ የልብስ ሳፋዬን ተሸክሜ፣ ሰብለን አዝዬ፣ እሳቸው በረንዳ ላይ ወጣሁ።

«ቧንቧው እኮ አንቺ በር ላይ ነው» አሉኝ።

«እዚህ ፀሐይ አለ።»

«ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው፣ የሰብለ እናት።»

«የሰብለ ጨርቅ አልደርቅ ብሎኝ ነው እኮ።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ በርጩማቸውን ጎትተው ለሳፋዬ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ሰብለንም ከጀርባዬ ተቀበሉኝ። እኔ አጥባለሁ፣ እሳቸው ስለ ወንድማቸው ያወሩኛል። ውጭ የእግር ኮቴ በተሰማ ቁጥር ግን ንግግራቸውን አቋርጠው ቀና ይላሉ። ኮቴው እስኪያልፍ እኔም እጄን ውሃው ውስጥ እንዳደረግኩ እጠብቃቸዋለሁ።