ጠፋ ወይስ አረፈ

ዋጂሃ የወንድሜ የሳብሪ ሚስት ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የትምህርት ቤት ልብስ ስትሰፋ ኖራለች። በአማን ከተማ፣ እኛ አሽራፊያ ሰፈር፣ ኪሱ የማይቀደድ ሱሪ ያየ ሰው የማን እጅ ነው ብሎ አይጠይቅም። ሳብሪ እያለ መኪና የመንዳት ሐሳብ አልነበራትም። እሱ መኪናውን ይነዳል፣ እሷ ጋቢና ተቀምጣ እሱን ትነዳለች። "ቀስ በል፣ ድመት አለ" ትለዋለች። ድመቱ ብዙ ጊዜ አይኖርም።

በብርዱ ወራት ሳብሪን ቀበርነው። መኪናው በር ላይ ቀረ። ልጁ ሙሃነድ አልፎ አልፎ እስከ ሱቁ ይነዳዋል፤ መንገዱ ሞተሩ ሳይሞቅ የሚያልቅ ነው። ሲመለስ ቡና መሸጫው ፊት ያቆምና ሞተሩን አጥፍቶ፣ ራዲዮውንና ማራገቢያውን ከፍቶ፣ ቡናውን እዚያው ተቀምጦ ይጠጣል። ለሰፈራችን ወንዶች ቡና የሚጥማቸው መሪ እንደጨበጡ ነው።

ዋጂሃ ለማንም ሳትነግር መንጃ ፈቃድ አወጣች። ከሳብሪ ካፖርት ትራስ ሰፍታ መቀመጫው ላይ አኖረችና መሪው ደረሰላት። ሙሃነድ ግን መኪናውን ዓርብ ገበያ አውጥቶ ሊሸጠው አስቦ ነበር።

"እማ፣ አንቺ ግድግዳ ልትገጪ ነው ይሄን ሁሉ?"

"ሴት ልጄን ለማየት ሰው አልለምንም።"

ሲከራከሩ ከርመው ውሉ እንዲህ ሆነ፦ ከአሽራፊያ እስከ ስዌይሊህ፣ እህቱ ቤት ድረስ እሷ ትነዳለች። አንድ ጊዜ እንኳ ሞተር ከጠፋባት መኪናው ይሸጣል። ካልጠፋባት የእሷ ነው። ዳኛ አደረጉኝ።

ከፈተናው በፊት መኪናውን ወደ ባትሪ ሠሪው ወደ አቡ ኒዛር ወሰድኩት፤ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ ያቃስት ነበር።

"አቡ ዙሃይር፣ ይሄ መኪና ጾም ላይ ነው እንዴ?" አለኝ ኮፈኑን ከፍቶ። "የባትሪው ራስ ዝጎ ነጭ አብቅሏል። የዲናሞው ችንጋም ከሳብሪ ጊዜ ጀምሮ የላላ ነው። የወጣውን የሚመልስለት የለም።"

ዝገቱን አጸዳ፣ ችንጋውን አጠበቀ፣ ባትሪውን ሲሞላ አሳደረ። ሲመልስልኝ "አሁን ሁሉንም ይሠራል" አለ። ሁሉንም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ እሷ መሪ ላይ፣ እኔ ጋቢና፣ ሙሃነድ ከኋላ ሆነን ወጣን። ቁልቁለቱን እንደ ክር ወረደችው። ከሥር ያለው መብራት ቀይ ሆነ። ሳብሪ ሲያደርግ እንዳየችው ማርሹን ዜሮ አደረገች፣ ግራ እግሯን ከፍሪሲዮን አነሳች። ሞተሩ ጸጥ አለ።

"ጠፋ!" ሙሃነድ አጨበጨበ። "አለቀ! አጎቴ፣ ሰምተሃል አይደል?"

ዋጂሃ ፊቷ ነጣ። ቁልፉን ለማዞር ብላ ፍሪሲዮኑን ረገጠች። እጇ ቁልፉ ጋ ሳይደርስ ሞተሩ ተነሳ።

"ቢስሚላህ! ማን ነካው?"

"እኔ አልነካሁም" አልኩ።

"ሳብሪ፣ አንተ ነህ?" አለች፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። ከኋላችን ክላክስ ሲጮህ ነው የሄድነው።

ቡና መሸጫው ጋ ዳር ይዛ ቆመች። ለአቡ ኒዛር ደውዬ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈትኩት።

"ሞተሩ መብራት ላይ ጠፋ" አልኩት።

"ጠፋ አይባልም። አረፈ ነው የሚባለው። መኪናው ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ነው፤ ስትቆም ነዳጅ እንዳይበላ ያርፋል፣ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ይነሳል። ባትሪው ሲራብ ግን ካረፍኩ አልነሳም ብሎ ይፈራል፣ እረፍቱን ይተዋል። እስከ ዛሬ አይታችሁት አታውቁም?"

ስልኩን ዘጋሁት። አረፈ የሚለውን ቃል በብርዱ ወራት ብዙ ብለነው ነበር።

ቡና ሻጩ ሦስት የወረቀት ኩባያ በመስኮት አቀበለን። ዋጂሃ የእሷን ተቀብላ ሳትቀምሰው ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጠችው። ሙሃነድ ገባው፤ ሽማግሌዎች ለጋብቻ ልጅ ለመጠየቅ ሲሄዱ እንደሚያደርጉት ነው። የመጡበት ጉዳይ እሺ ሳይባል፣ የቤቱ ባለቤት "ቡናችሁን ጠጡ" ሳይል፣ ቡና አይነኩም።

"እማ፣ በእኔ ላይ?"

"ባትሪው ጭራሽ የራበው በማን ራዲዮ ሆነና?"

"ውል ውል ነው፤ ጠፍቷል። የሚነዳ ሰው ቢነዳው አይጠፋም ነበር።"

"እንግዲያ ንዳው" አልኩት።

ቦታ ተለዋወጡ። ዋጂሃ ኩባያዋን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። ቀጣዩ መብራት ላይ ሙሃነድ ዘና ብሎ እግሩን አነሳ፤ ሞተሩ ዝም አለ። መብራቱ ገና አረንጓዴ ሳይሆን ከኋላ ክላክሱ ቀለጠ። ሙሃነድ ተጣደፈ፤ የነገሩትን ሁሉ ረስቶ ቁልፉን አጠፋ፣ አበራ፣ እግሩን ቶሎ ለቀቀ፣ መኪናው እንደ ፍየል ዘሎ ቆመ። ይሄኛው እውነተኛው መጥፋት ነበር።

የጋዝ ሲሊንደር የጫነ መኪና ሹፌር አንገቱን በመስኮት አወጣ። "ወንድሜ፣ ለእናትህ ልቀቅላት!"

ዋጂሃ ኩባያውን በመስታወቱ እንዲታየው ከፍ አድርጋ ያዘችው።

ሙሃነድ ጆሮው ቀልቶ መንገዱን ተሻገረና ዳር ያዘ። መጀመሪያ እኔን አየኝ። ፍርዴን አልጠየቀም፤ እኔም አልሰጠሁም። ከዚያ በመስታወቱ እናቱን አያት።

"እማ፣ ቡናሽን ጠጪ።"

ቀዝቅዞ ነበር። እስከ አተላው ጠጣችው።

እስከ ስዌይሊህ እሷ ነዳች። ወደ ልጇ ቤት መታጠፊያ ላይ የመጨረሻው መብራት ያዘን። ሞተሩ አረፈ፤ ከመንገዱ ማዶ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። መብራቱ አረንጓዴ ሊሆን ሲል ሳላስበው፣

"ቀስ በይ፣ ድመት አለ" አልኳት።

"የታለ?"

"የለም።"

ሳቀች፤ ፍሪሲዮኑንም ረገጠች።